የአውጫጭኙ ወፍ እኔ ነበርሁ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለዘመድ አልተናገርሁም፤ ለጎረቤት አልተናገርሁም። የነፍስ አባቴ ስንት ዓመት ኃጢአቴን ሲያደምጡ ኖረዋል፤ ጾም የገደፍሁትን፣ ሰው ያማሁትን፣ በሰንበት የፈተልሁትን አንድ በአንድ እዘረዝርላቸውና እዚህች ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። «ሌላስ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። የለም! መስቀል ተሳልሜ፣ ስግደት ተቀብዬ እወጣለሁ። ያን ሁሉ ስግደት ለየትኛው ኃጢአት ሰገድሁት?

ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ነው፤ ጽሕፈቴ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ሌላውን ግን ይቅር በሉኝ አልላችሁም።

ሰው አሳስሬአለሁ። ያላደረገውን አድርጓል ብዬ፣ እንዳላደረገው በዓይኔ እያወቅሁ፣ በገዛ አፌ አሳስሬዋለሁ። ለምን? ለውሻ ብዬ። በሉ ሳቁ። ያኔም ይሳቅብኛል ብዬ ነው እዚህ ጉድ የገባሁት።

አገሬ ፎገራ ነው፤ ከወረታ ገበያ በእግር ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን የማይፈጅ፣ ወደ ርብ ወንዝ በኩል። በልጅነቴ አንበሳሜ አጠገብ ላለ ሰው ዳሩኝ። ስድስት ዓመት ተቀምጬ ልጅ አልመጣ ሲል ባሌ ዕቃዬን በአህያ ጭኖ መለሰኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱ ናት ያስቸገረችው። እናቴ ሞታ ቤቷ ባዶውን ቆሞ ነበርና እዚያ ገባሁ። አንዲት ላም፣ ትንሽ መሬት፣ አንድ ምድጃ። መሬቱን የአጎቴ ልጅ በእኩል ያርስልኛል፤ እኔ እፈትላለሁ። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንዷ ሕፃኗን ከዓይኔ ዘወር ስታደርግ አይቻለሁ። መካን ዓይኗ ይበላል ይባላላ!

ክረምት ሲገባ ደግሞ ርብ ይሞላና ሜዳውን ይውጠዋል። ቤቶቻችን ጉብታ ጉብታው ላይ ስለሆኑ እያንዳንዱ ጎጆ ለብቻው በውሃ ይከበባል። ባል ያላት ከባሏ ጋር ትከበባለች፤ ልጅ ያላት ከልጆቿ ጋር። እኔ ከምድጃዬ ጋር። ሰው ሳላናግር ሳምንት ያለፈኝ ጊዜ አለ። አንድ ቀን ምሰሶውን ይዤ ጮህሁ። ማንም አልመጣም፤ ማን በምን ይምጣ?

በሁለተኛው ክረምት ውሃው አንድ ቡችላ አምጥቶ ከአጥሬ እሾህ ላይ ሰክቶልኝ አገኘሁ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ በቅጡ አልተገለጠም። ለወጉ አውጥቼ ልጥለው ነበር፤ ጣቴን ሲጠባ ጊዜ አልቻልሁም። በጉያዬ አሙቄ፣ ወተት በጥጥ እያጠባሁ አሳደግሁት። ስሙን ግጠም አልሁት።

ስሙ የመጣው ከአያ ውበቱ ነው። አያ ውበቱ ሸማኔ ነበር፤ ከጋይንት በኩል የመጣ እንግዳ፣ በመንደራችን ዘመድ የሌለው፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው። ፈትል ይዞለት የሄደ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ እንዲጠብቅ ያደርግና፣ ከጉድጓዱ ሆኖ መወርወሪያውን እየወረወረ ተረት ይነግረዋል። ለኔ የነገረኝ የዘለቀችን ነው። ዘለቀች የባላባት ልጅ ናት፤ አጎቷ ርስቷን ሊወርስ አምባ ላይ አውጥቶ ሰባት በር ዘጋባት። ፈረሷ ግጠም ከአምባው ሥር ታስሮ ያሽካካል፤ እሷ ከላይ ሆና ትፎክርለታለች። እሱ ድምጿን ሲሰማ አይሞትም፣ እሷም ድምጡን ስትሰማ አትሞትም። አያ ውበቱ አንዱን በር ያስከፍታትና መወርወሪያውን ያቆማል። «የቀረው ሌላ ልቃቂት ስታመጪ ነው እቴ ብርቄ!» ይለኛል። ሌላዋ ሴት ለኩታ ትፈትላለች፤ እኔ ለወሬው ፈተልሁ።

«አያ፣ እውነት ናት ወይ ይህች ዘለቀች?» አልሁት አንድ ቀን።

«ኧረ ወዲያ! እኔ ነኝ እንጂ የፈጠርኋት። ምነው፣ ሸማኔ ጨርቅ ብቻ ነው የሚሠራው?»

«ታዲያ ከፈጠርሃትማ ለምን ፈትተህ አትለቃትም?»

«አንቺ ደግሞ ቸኮልሽ። ብፈታት ነገ ምን ልትሰሚ ነው?»

እንዲህ ነበር የምንጫወተው። እናንተ ተረት የልጅ ነው ትሉ ይሆናል። እኔን ያቆመኝ ግን ተረት ነው። ወንዝ ወርጄ ሴቶቹ ዝም ሲሉ፣ ዘለቀች ብትሆን አንገቷን ትደፋ ነበር ወይ? እላለሁ፤ እንስራዬን ተሸክሜ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ባሌ ሌላ አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ ሲሉኝ፣ ዘለቀች ሦስተኛው በር ላይ ምን አለች? እላለሁ። ክረምት ሲከበኝ ደግሞ ተረቱን እንደገና ለግጠም እነግረዋለሁ፤ እሱ ጆሮውን አቁሞ ይሰማኛል። ስሙ በተነሣ ቁጥር ጭራውን ይወዘውዛል። ከዚያ ወዲያ ምሰሶ ይዤ አልጮህሁም።

ሰው ግን ያማኛል። «ልጅ ቢጠፋ ውሻ ታቀፈች!» ይላሉ። የነፍስ አባቴም ሰምተው ተቆጡኝ፤ ውሻ ከሚያድርበት ቤት ገብተው ጠበል እንደማይረጩ ነገሩኝ። አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያይ ግጠምን በእግሬ ገፋ አደርገው ጀመር፤ በሩን ስዘጋ ይቅርታ እለዋለሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ኃጢአቴ የጀመረው ከዚህ ነው፤ የምወደውን ነገር በሰው ፊት እወደዋለሁ ማለት አልቻልሁም።

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ መኸር ገብቶ አዝመራው በየአውድማው ተከምሮ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አያ ውበቱ ደጅ ተቀምጬ ስድስተኛውን በር እሰማለሁ። ቀኑ ሲመሽ የማየት ልብ አልነበረኝም። ድንገት በጭቃ ሹሙ አውድማ በኩል ጢስ ተነሣ፤ ወዲያው ነበልባል ሆነ። አያ ውበቱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። ሁለታችንም አየነው። «እቴ ብርቄ፣ የጤፉ ክምር ነው! አገር ሊሰበሰብ ነው፤ በጓሮ ዙሪና ግቢ። በዚህ ሰዓት ከኔ ደጅ ያዩሽ እንደሆን ስምሽን አይተውልሽም» አለኝ። በጓሮ ዞሬ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን አውጫጭኝ ተጠራ። ዛሬ የቀረ ነገር ስለሆነ የማያውቅ ይኖራል፤ ጥፋት ሲጠፋና ያጠፋው ሲሰወር አገሩ በሙሉ ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ የሚያውቅ ሰው ቀስ ብሎ ከአንዱ ሽማግሌ ጆሮ ይናገራል። ሽማግሌው «ወፍ ነገረኝ» ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፤ አይነገርምም።

የቤት ባለቤት ሁሉ፣ ባል የሌላት ሴትም፣ ትምጣ ተባለ። ግጠም ይከተለኛል፤ የአገር ጠባቂዎቹ ነጭ ለባሾች ደግሞ ጠመንጃ ይዘዋል፤ ይገድሉብኛል ብዬ ከቤት ውስጥ ከምሰሶው አሰርሁት። ውሃ በሸክላ፣ ቁራሽ በገበታ አስቀመጥሁለት። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ካንገቴ አሰርሁ። ማታ እመለሳለሁ አልሁት።

ከትልቁ ሾላ ሥር አስቀመጡን፤ ወንዱ ወዲህ፣ ሴቱ ወዲያ፣ ዙሪያውን ነጭ ለባሽ። በመጀመሪያው ቀን በወንጌል አማሉን። እኔም እጄን ዘርግቼ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብዬ ማልሁ። እውነት ነበር። ማታ ግን አልለቀቁንም። በሁለተኛው ቀን ልጆች ለአባት ለእናታቸው ስንቅ ያመላልሱ ጀመር። ለኔ ማን ያምጣ? የሰው እንጀራ ተካፍዬ በላሁ፤ ግን እየጎረስሁ አልዋጥ አለኝ። ሸክላዋ ትንሽ ናት። እስካሁን ጨርሷታል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድሁና «ላሜ ልትወልድ ስለሆነ ለአፍታ ልቀቁኝ» አልሁ። ለምን ላም አልሁ? ውሻዬ ታስሮ በውሃ ጥም ሊሞትብኝ ነው ብል ምን ነበረበት? ይስቁ ነበር፤ አዎን፣ ሜዳው በሙሉ ይስቅ ነበር። ስቀው ምናልባት አንዱ አዛኝ፣ ሂጂ በይ ቶሎ ተመለሽ፣ ይለኝ ነበር። እኔ ላም አልሁ። «የማን ላም ናት የማትወልደው? ተቀመጪ!» አሉኝ፤ ተቀመጥሁ።

ስንቅ ከሚያመላልሱት ልጆች አንዱን ልላክ ብዬ ቁልፉን ፈትቼ ነበር። ግጠም ግን ከኔ በቀር ሰው አያስጠጋም፤ ልጅ ነክሶ ያውቃል። ቁልፉን መልሼ ካንገቴ አሰርሁ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ግጠም ማላዘን ጀመረ። ቤቴ ከሾላው ሩቅ አይደለም፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። ውሻ ሲያላዝን ሟርት ነው፤ ሰው ሁሉ አማተበ። «የማን ውሻ ነው? አንዱ ሄዶ በጥይት ይድፋልን እንጂ!» አለ ከወንዶቹ አንዱ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ዞራ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የኔ ነው አላልሁም። ሲጠራኝ ዋለ፤ የኔ ነው ሳልል ዋልሁ።

በአራተኛው ቀን ጸጥ አለ።

ያ ጸጥታ ነው ያሳበደኝ። ዘለቀች ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አልሁ እንደልማዴ። ዘለቀች አምስተኛውን በር ያስከፈተችው ዘበኛውን ዋሽታ አይደለም? አዎን፣ ዋሽታ ነው። እኔስ ብዋሽ? እንዲህ ብዬ ራሴን አጀገንሁ። ዛሬ ሳስበው እኔኑ ይገርመኛል፤ ዘለቀች የዋሸችው ያሰራትን ነው። አብሯት የታሰረ ሰው ላይ አልዋሸችም።

ተነሥቼ ከሽማግሌዎቹ ጎምቱው ወደ ተቀመጡበት ዳስ ገባሁ። ተንበርክኬ ከጆሯቸው ተጠጋሁ። «ሸማኔው ውበቱ ነው። ያን ለት ማታ ችቦ ይዞ ከክምሩ ሥር አይቼዋለሁ» አልሁ።

አፌን በቆረጠው! ለምን እሱን? ስንት ሰው ሞልቶ ለምን እሱን? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን ግን ያኔም አውቀው ነበር። ሌላው ሁሉ ወንድም አለው፣ ልጅ አለው፣ ነገ ወፏን ፈልጎ ደጄ የሚቆም ዘመድ አለው። ውበቱ ማንም የለውም። ያሰላሁት ይህን ነው። በአምላክ ፊት የማልሁትን በአራተኛው ቀን በላሁት። የተመለከትሁትን አላየሁም ብል አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ያላየሁትን አየሁ አልሁ፤ ያየሁትን፣ እሱ ከጎኔ ቆሞ እሳቱን ሲያይ ያየሁትን፣ ዋጥሁት።

ከኔ በኋላ ሁለት ወፎች ገቡ አሉ። ሰው ሰልችቶታል፤ ከብቱ ሜዳ ላይ ነው፤ የተነሣ ስም ካለ ተቀብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። ሁለቱ እነማን እንደሆኑ አላውቅም። በነሱ ላሳብብ? አላሳብብም። ስሙን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ የኔን ተከተሉ።

ሽማግሌው ወጥተው «ወፍ ነገረኝ» አሉ። አያ ውበቱን አስነሡት። እያነከሰ መጥቶ መሐል ቆመ። ኩታው ላይ ጥጥ ነበረበት።

«ያን ለት ማታ የት ነበርህ?»

«ከቤቴ ስሸምን ነበርሁ።»

«ምስክር አለህ?»

ያን ጊዜ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረ። ዓይኑ በሴቶቹ ላይ ከወዲያ ጀምሮ መጣ፤ እኔ ላይ ደረሰ፤ አለፈኝ። ሰው ብዙ ስለሆነ አላየኝም ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። አይቶኛል። አንድ ቃል ቢናገር፣ እቴ ብርቄ ደጄ ተቀምጣ ነበረች ቢል፣ እኔም አዎን ከማለት በቀር መውጫ አልነበረኝም። እሱ ግን ፈት ሴት በምሽት ከሸማኔ ደጅ ተብዬ ስጠራ የሚመጣብኝን አውቆታል።

«ምስክር የለኝም» አለ።

እኔም ተነሥቼ ልናገር እችል ነበር። አፌ ነበረኝ፤ እግሬም ነበረኝ። አልተነሣሁም። አገሩ ተፈታ ተባለ፤ ያን ጊዜ ተነሣሁ፤ ሮጥሁም። ከኋላዬ የአያ ውበቱን እጅ ከአንድ ነጭ ለባሽ እጅ ጋር ሲያቆራኙ የሰንሰለቱን ድምጥ ሰማሁ። አልዞርሁም።

ግጠም አልሞተም ነበር። ከምሰሶው ሥር ተዘርግቶ፣ ምላሱ ደርቆ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ውሃ በእፍኜ አጠጣሁት። ጭራውን አንድ ጊዜ መታ። አቅፌው ለፈለፍሁ፤ ሳቅሁ፤ አለቀስሁ። ደስ አለኝ! ይህንንም መናዘዝ አለብኝ። ያን ቀን፣ ሰው አሳስሬ በመጣሁበት ሰዓት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በነጋታው እናገራለሁ አልሁ። በነጋታው ደግሞ ለነገ። በሐሰት የመሰከረ ምን እንደሚፈረድበት አውቃለሁ፤ ፈራሁ። ሸማኔው ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ፤ ለጤፉ ካሳ ብለው ዕቃውን ሁሉ ወሰዱበት። ጉድጓዱን ዝናብ ሞላው። በዚያ ስሄድ መንገድ አሳብራለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወረታ ገበያ ጥጥ ስገዛ ከኋላዬ «እቴ ብርቄ!» የሚል ሰማሁ። እሱ ነው። ጠጉሩ ነጥቷል። እንዳላወቅሁት ልሄድ ነበር፤ እግሬ እንቢ አለኝ። ግጠም ጥርሱን አሳየው፤ አያ ውበቱ ሳቀ። «ስሙን ያገኘው ከኔ ተረት ነው፤ እኔኑ ሊነክሰኝ!» አለ።

እንዴት ከረምህ አያ፣ አልሁት።

«ዘለቀችን ስነግራቸው ነው የኖርሁ። ከእስረኛው እንቅልፍ የሚወስደው አልነበረም፤ እሷን ካልሰማ አይተኛም። ዓይኔ ደከመ እንጂ ሌላው ደኅና ነው፤ ቀጭን ፈትል አላይም።» ቀጠለና ድምጡን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ሲያስጨንቀኝ ኖረ። ያን ለት ማታ ከኔ ደጅ መቀመጥሽን ሌላ ሰው አይቶ ይሆን? ስምሽን አነሡብሽ?»

«አላነሡብኝም አያ።»

«ተመስገን! እኔ የፈራሁ እሱን ነው።»

ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣ ነበር? ፊቴ ቆሟል። አንድ ቃል ነው። ወፏ እኔ ነኝ፤ አራት ቃል እንኳ አይሞላም። አፌን ከፈትሁ፤ «ጥጥ እየተወደደ ነው» አልሁት። ጥጥ! እሱም «አዎን፣ ተወደደ» አለ። ተሰነባብተን ተለያየን። ወደ ጋይንት መሄዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ መንገደኛ፣ አንካሳው ሸማኔ ሞተ ብሎ ነገረኝ።

ግጠም ከአውጫጭኙ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረልኝ። ወደድሁት፤ ጠላሁትም። ጭኔ ላይ ራሱን ሲያስደግፍ፣ ዋጋህን ታውቃለህ? እለው ነበር። ምን ያውቃል፤ እሱ ምን አጠፋ? ከዚያ ለት ወዲህ ግን ዘለቀችን ነግሬው አላውቅም። ስሟን ለማንሣት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰው አስገደደኝ አልልም። ብቸኝነት ነው፣ የሰው አፍ ነው፣ የዘመኑ ሕግ ነው ብል እናንተ ምናልባት ታዝኑልኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አላምናችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው አፈር ውስጥ ነው፤ ለሱ ብላችሁ እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይህን የጻፍሁት ለሌላ ነገር ነው። ያን ለት በአገሩ ሁሉ ፊት ምስክር አለህ ወይ ብለው ጠይቀውታል፤ መልሱ እስከ ዛሬ ስሕተት ሆኖ ተቀምጧል። ምስክር አለው። ስሜ ብርቄ ነው። ክምሩ ሲቃጠል ሸማኔው ውበቱ ከቤቱ ደጅ፣ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ።